የቀትር መርዶ

«ለእማዬ ማን ነው የሚነግራት?» አለች ሠናይት።

ወለሉ ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩትን ለቅሶ ደራሾች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሴቶቹ አቀረቀሩ። ማድ ቤቱ ውስጥ ካርታ የያዙት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በፌርፋክስ ጎዳና የሚያልፍ አውቶቡስ መስኮቱን አንቀጥቅጦ ሄደ፤ ዝምታውን ግን ይዞት አልሄደም።

ወንድሟ ወንዳፍራሽ የተቀበረው ትናንት፣ ዓርብ ነበር። የሞተው ረቡዕ ነው፤ መሃል ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ቲኬት በሚቆርጥባት የመስታወት ዳስ ውስጥ እንደ ተቀመጠ። ሦስት መኪኖች ከፊቱ ተሰልፈው ጥሩምባ ሲነፉበት ቆይተዋል። ልብ ነው አለ ሐኪሙ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

«ጋሼ ንጋቱ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው» አለች።

ጋሼ ንጋቱ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ እዚህ የታክሲ ሾፌር ናቸው። በዚህ ከተማ ለሚኖረው ሐበሻ ሁሉ መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው ናቸው። የሞት ወሬ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ በደብዳቤም ይሁን በስልክ፣ መጀመሪያ ለሐዘንተኛው አይደርስም፤ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ቀን ይመረጣል። የታመመ እስኪድን፣ ፈተና ያለበት እስኪፈተን፣ ነፍሰ ጡር የሆነች እስክትገላገል ይጠበቃል። ቀኑ ሲደርስ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት ጋሼ ንጋቱን ደጃፉ ላይ ያየ ሰው ሌላ ቃል አያስፈልገውም፤ ሰላምታ ሳይሰጡት ይጮኻል።

«ይታሰብበታል፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ንጋቱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ።

«ምኑ ነው የሚታሰብበት? እማዬ በስልክ እንዳትሰማው። ባለሱቁ አስጠርቷት፣ ልጆቼ ደወሉ ብላ እየሮጠች መጥታ፣ ሰው መሃል ቆማ እንዳትሰማው። ሰው ይላክላት። ማለዳ ይሂዱላት። ጎረቤት ይሰብሰብላት። እርስዎ ደንቡን ያውቁበታል።»

ከረቡዕ ወዲህ የያዛት ይኸው አንድ ነገር ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል የምትባል ሴት በዚህ ሰዓት ወንድ ልጇን ከሕያዋን ቆጥራ ተቀምጣለች። እሷ ሳታውቅ ማልቀስ ለሠናይት ስርቆት ሆኖ ይታያታል። ስለዚህ የቀብሩ ዕለት እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እሷ ጥርሷን ነክሳ ቆማ ዋለች።

ለእናታቸው ሰፈር የሚቀርበው ስልክ የአንድ ባለሱቅ ስልክ ነው፤ ቁጥሩም ያለው ወንዳፍራሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ስጠኝ ስትለው አንድ ምክንያት አያጣም ነበር፤ መስመሩ ተበላሽቷል፣ ባለሱቁ ፈሪ ነው፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም። ከቀብር መልስ ክፍሉን በረበረች፤ ከኮቱ ኪስ እስከ ፍራሹ ሥር። ደብተሩ የለም። ፍራሹን በማንሳት ያገዛት ዘይኑዲን ነበር፤ ይህን አፓርታማ ከወንዳፍራሽ ጋር የተከራየ፣ ለአበባ ነጋዴ ቫን የሚነዳ፣ እሱም የደሴ ልጅ። ፍራሹን አንስቶ ያዘላት፤ እሷ ስትፈልግ እሱ ግን ጣሪያውን ያይ ነበር።

ስልኩ ጠራ። ማንም አላነሣውም። ከአራተኛው ጥሪ በኋላ መልእክት የሚቀበለው ቴፕ ጠቅ አለና ወንዳፍራሽ ቤቱ መካከል ተናገረ።

«ወንዳፍራሽና ዘይኑዲን የሉም። ከፈለጋችሁን ድምፁን ጠብቁ፤ ካልፈለጋችሁን ግን ለምን ደወላችሁ?»

ከሦስት ቀን ወዲህ እንዲህ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር ሟቹ ራሱ ይመልሳል፤ ድምፁን ሊያጠፋው የደፈረ የለም። ጋሼ ንጋቱ በሰሙት ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ ቴፑ ዝም ሲል መልሰው ይቀመጣሉ።

ከማድ ቤቱ አንዱ፣ ዝምታው ከብዶት፣ ወንዳፍራሽ በሰው መኪና ላይ ጭረት ሳያወጣ አራት ዓመት እንደ ሠራ፣ የራሱን መኪና ግን በየወሩ የማይቆምበት ፓርክ አድርጎ እንደሚያስወስድ አወራ። መኪናው ከእሱ ይልቅ ከጎታቹ ጋር ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዷል አለ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሠናይትም ፈገግ አለች፤ ከዚያም ይህን ለእናቷ ልጻፍላት ብላ አሰበች፣ ወዲያውም ምን እንዳሰበች ታወቃት።

እናታቸው ቀድሞ የምትልከው ድምፅዋን ነበር። ካሴት። ዶሮው ሲጮኽ፣ ጎረቤት ሲገባ፣ «ቆይ፣ ልጆቼን እያናገርሁ ነው» ስትል ሁሉ ይሰማል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ካሴቱ ቀረ። ቴፑ ተሰብሯል አለ ወንዳፍራሽ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሆነ። እሷ መጻፍ ስለማትችል የሰፈር ተማሪ ይጽፍላታል፤ በሰው እጅ ይመጣል፤ ወንዳፍራሽ ፓልምስ ሰፈር ድረስ፣ ሠናይት ቤት ያመጣዋል። ያመጣና ስታነብ አይቀመጥም። መኪናውን አይቼ ልምጣ ብሎ ይወርዳል።

ከሁሉም የማትረሳው አንድ ደብዳቤ አለ። ልጇን ገና በሆዷ ሳለ፣ በሰባት ወሩ ባጣች ጊዜ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ዳላስ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ እሷ መጋረጃውን ዘግታ ተኝታለች። አልበላም፣ አልናገርም ብላለች። ወንዳፍራሽ ከሥራ እየወጣ ይመጣል፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ይሄዳል። በዐቢይ ጾም መጨረሻ ደብዳቤ ይዞላት መጣ። «ልጄ፣ አልቅሺ። አልቅሺና ሲደክምሽ ፊትሽን ታጠቢ። እኔም ከአንቺ በፊት አንድ ቀብሬአለሁ። ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ላሟ ጮኸች፤ ተነሥቼ አለብኋት። ከዚያ ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም።»

ሠናይት በማግስቱ ተነሣች።

ያንን ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። አሁን እሱን ትታ የመጨረሻውን፣ በመስከረም የደረሳትን አወጣች። እናቷ እዚህ እንድትኖር፣ ድምፅዋ በልጇ ለቅሶ ላይ እንዲሰማ ፈልጋ ነው። እትዬ ሰርክን ላንብብልዎ አለቻቸው። እትዬ ሰርክ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ከጎኗ ያልተለዩ። አሁን ይቅር፣ ልጄ፣ ይደክምሻል አሏት። እሷ ግን ማንበብ ጀመረች። ጉልበቷን አሟት እንደ ነበር፣ አሁን እንደ ተሻላት፤ ጎረቤቷ ልጅ እንደ ዳረች፤ ሠናይት እሑድ እሑድ ወንድሟን እንድትጠይቀው፣ ሥጋ እንዳታበዛበት፣ ሲዘገይም እንዳታመናጭቀው። ዱሮ እናታቸው ለእሷ ነበር የምታደላው፤ በደብዳቤው ጊዜ ለእሱ ማድላት ጀመረች። ምን አስነክተሃት ነው ብላ ስቃበት ታውቃለች።

ቀና ስትል ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። እትዬ ሰርክ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ዘይኑዲን ጠፍቷል። የሚያለቅሱት ለወንዴ ነው አለች በልቧ።

ሲመሻሽ ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ በመተላለፊያው ላይ ሹክሹክታ ሰማች። «አርባው ይውጣ» ይላሉ ጋሼ ንጋቱ። «ከአርባው በፊት አይሆንም።» ዘይኑዲን አንድ ነገር ሲመልስ ድምፁ ተሰበረ።

ሠናይት ብቅ አለች። «እስከ አርባው ነው እማዬን የምትደብቋት?»

ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ ጋሼ ንጋቱ አዎን፣ እንደዚያ ይሻላል ብለን ነው አሉ። ፊታቸው ላይ የታየው ከብዶት የቆየውን ያወረደ ሰው ፊት ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ሰልስቱ። ሰዉ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ስልኩ ጠራ፣ ወንዳፍራሽም እንደ ልማዱ መለሰ፤ ካልፈለጋችሁን ለምን ደወላችሁ አለ። የሴት ድምፅ ተከተለ፤ ያረጀ፣ በእስፓኝ ቋንቋ የተሸራረፈ እንግሊዝኛ።

«አንድሬስ፣ እኔ ነኝ፣ ኦርቴንሲያ። ቦርሳህን ትተህ ጠፋህ። አራት ቀን። ደብተርህም እዚሁ ነው። ዛሬ ቀኑ እኮ ነው፣ አንድሬስ። ዛሬ እንኳ አትቅር።»

ሠናይት ከፍራሹ ተነሣች። ዘይኑዲን ማድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እንደ ያዘ ቀረ።

«ማናት?»

ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ባለው የሜክሲኮዎች ገበያ ቀበቶ የምትሸጥ ሴት ናት አላት። ወንዳፍራሽ ምሳውን የሚበላው እሷ ጋ ነው። ስሙ ለምላሷ ስላስቸገራት አንድሬስ ብላዋለች። ኦኬ፣ እኔ ሄጄ ይዤው እመጣለሁ፤ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ከቤት አትወጪም። እና፣ አንድ ሰዓት ብቻ ስጪኝ አላት።

«ደብተሩን አንተ አታመጣውም» አለች። «ከትናንት ወዲያ ፍራሹን ስታነሣልኝ እዚያ እንደሌለ ታውቅ ነበር።»

ዘይኑዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እትዬ ሰርክ በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ፤ ሰልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ደጅ አይረግጥም አሉ። ሠናይት ጫማዋን ከጫማው ክምር ውስጥ ስትፈልግ ዘይኑዲን የቫኑን ቁልፍ አነሣ። እትዬ ሰርክ ከእሷ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እሱን ተመለከቱት፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ከበሩ ዞር አሉ።

ቫኑ ውስጥ የቅዳሜ አበባ ሽታ አለ።

«ወንዴ እዚህ ሲገባ “ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የምንቀብረው?” ይለኝ ነበር» አለ ዘይኑዲን፤ የተናገረውን ሲሰማው አፉን ዘጋ።

ሠናይት መንገዱን ሳይሆን ሌላ ነገር ታያለች። አምና በዚሁ ሰሞን ወንዳፍራሽ ደውሎ፣ ነገ አንድ ገበያ ላሳይሽ ብሏት ነበር። የደሴን ሰኞ ገበያ ያስረሳሻል፤ ደግሞም የማሳይሽ ነገር አለ። እሷ አዛውንቶችን በምታስታምምበት ቤት ተደራቢ ተራ ነበረባት። ሌላ ጊዜ አለችው። ኦኬ፣ ሌላ ጊዜ አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም፤ እሷ እስክትዘጋው ድረስ ሲተነፍስ ይሰማት ነበር።

ጎዳናው አጭርና ጠባብ ነው፤ ኦልቬራ ይሉታል። መኪና አይገባበትም። መሬቱ ቀይ ንጣፍ፣ ግራና ቀኙ ያረጁ የጡብ ቤቶች፣ መካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስ በሚያህሉ የእንጨት ሱቆች የተያዘ። ከተማዋ መንደር ሳለች የተሠራ አንድ የጭቃ ጡብ ቤት እስከ ዛሬ በመካከሉ ቆሟል። ቀበቶ፣ የሸክላ ድስት፣ ሻማ፣ በክር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ዛሬ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የበዛው የሞት መልክ ነበር፤ ከስኳር የተሠራ የራስ ቅል፣ ክራር የሚመስል ነገር ይዞ የሚስቅ የወረቀት አጽም፣ በየደጃፉ በእቅፍ የሚሸጥ ቢጫ አበባ። ሰው እየሳቀ ይገዛል። ሠናይት ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሞት በሚሸጥበት ገበያ መካከል የምትሄድ መሰላት፤ ደግሞም ነበረች።

በገበያው ዶኛ፣ ማለትም እትዬ፣ የሚሏት ኦርቴንሲያ አጭርና ወፍራም አሮጊት ናት፤ ፀጉሯን በሁለት ጎንጉናዋለች። ዘይኑዲንን ከሩቅ አይታ እጇን አወናጨፈች፤ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገች።

«አንድሬስስ?»

ዘይኑዲን ሠናይትን አያት። መርዶ የሚነገርበት ደንብ እዚህ አልነበረም፤ ጎሕ አልነበረም፣ ጋሼ ንጋቱ አልነበሩም። ሠናይት በምታውቃት እንግሊዝኛ አረዳቻት።

«ወንድሜ ሞቷል። ረቡዕ። ዓርብ ቀበርነው።»

አሮጊቷ አማተበች። ከቀበቶዎቹ መካከል ወጥታ የማታውቃትን ሴት አቀፈች፤ ራሷ የሠናይት ደረት ላይ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ትልቅ ለቅሶ አለቀሰች። ሠናይት እንደ ቀብሩ ዕለት ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ከዚያ ዶኛ ኦርቴንሲያ ከመደርደሪያው ሥር ሰማያዊ ቦርሳ አወጣች። በእሷ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነበር የሚጽፈው አለች፤ ምሳውን በልቶ ሲያበቃ፣ በወር አንዴ፣ ሁለቴ። ሲጽፍ ያለቅሳል፤ ሲጨርስ ቡና ይጠጣል፤ ይስቃል፤ ይሄዳል።

ሠናይት ደብተሩን ስትፈልግ መጀመሪያ የወጣው የታጠፈ ወረቀት ነበር። የወንድሟን ጽሕፈት አወቀችው፤ ወደ ግራ የሚወድቅ፣ ፊደሎቹ የሚረጋገጡ።

«ይድረስ ለልጄ ለሠናይት። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጣ፤ ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ ሁሉ አደይ ሆኗል። ልጄ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ስትሰሚው ወንድምሽን እንዳትቀየሚው። እኔ»

እዚያ ላይ ቆሟል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቃሉ የእናቷ ነው፤ እጁ የወንድሟ። ልትጠይቅ ቀና ስትል ዶኛ ኦርቴንሲያ ክንዷን ይዛ መራመድ ጀምራለች።

«አሁን ከእናቱ ጋር ነው» አለች አሮጊቷ። «ደስ ይበልሽ። ከእናቱ ጋር ነው።»

«እናቱ በሕይወት አለች» አለች ሠናይት። «ኢትዮጵያ ናት ያለችው።»

ዶኛ ኦርቴንሲያ ቆመች። ሠናይትን አላየችም፤ ዘይኑዲንን አየች። ከዚያ ወደ ጎዳናው ጫፍ መራቻቸው።

በዚያ ነጋዴዎቹ በጋራ ያቆሙት መደብ አለ፤ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ፣ በቢጫ አበባ የተሸፈነ። ዳቦ ተቀምጦበታል፣ ብርቱካን፣ ውሃ በብርጭቆ፣ ሲጋራ ሳይቀር። ሻማዎቹ በቀን ብርሃን ነበልባላቸው አይታይም፤ አየሩ ብቻ ከላያቸው ይንቀጠቀጣል። በየደረጃው ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ ባለ ሪዝ ሽማግሌዎች፣ ሙሽሮች፣ የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት። በሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ በሁለት ሻማዎች መካከል፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል ተቀምጣለች። ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ጥቁር ካባዋን ደርባ፣ ካሜራውን እንደማታምነው ሁሉ ዓይኗን አጥብባ።

ከፊቷ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ቆሎ አለ። ቆሎውን ያስቀመጠ ሰው ከረቡዕ በፊት አስቀምጦታል።

«ዛሬ ሙታን የሚመጡበት ቀን ነው» አለች ዶኛ ኦርቴንሲያ በዝግታ። «አበባውና ሻማው መንገዱ እንዳይጠፋቸው ነው።»

«ዘይኑዲን» አለች ሠናይት፤ ዞራ አላየችውም።

ዘይኑዲን ኮፍያውን አወለቀ።

«ወሬው በእኔ በኩል ነው የመጣው» አለ። «እህቴ ናት የጻፈችልኝ። ሰባ ሰባት፣ ኅዳር ላይ። ተስቦ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመሙት፤ ወላሂ አልተሰቃዩም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቀበራቸው፤ የእኔም እናት ነበረች። አንቺ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ጋሼ ንጋቱ እስክትገላገል ይቆይ አሉ። ከዚያ ልጁ እንደዚያ ሆነ። ከዚያስ? በምን አፋችን?»

አንድ ጎብኚ ፎቶ ለማንሣት ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ዘወር እንዲሉለት ይጠብቃል።

«ደብዳቤዎቹ» አለች።

«ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ቃሉ የሱ። እዚህ ይጽፈዋል፣ ማታ እኔ እገለብጠዋለሁ። አንድ ደብዳቤ ብቻ፣ ከአልጋ እስክትነሺ ነበር ያልነው። ተነሣሽ። ከፋሲካ ማግስት ልናረዳሽ ደጅሽ ድረስ መጣን፤ ጋሼ ንጋቱ፣ እትዬ ሰርክ፣ ስድስት ሰው። ወንዴ ቀድሜ ልግባ አለ። ገባና ቀረ። በመጨረሻ በመስኮት ብቅ ብሎ በእጁ ሂዱ አለን። በኋላ ስንቆጣው፣ “ፀጉሯን እያበጠረች ነበር፤ አልቻልኩም” አለ።»

ሠናይት ያንን ጠዋት ታስታውሰዋለች። ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኩቶ ነበር፤ ሁለት ካርቶን ዶናት በእጁ። ይህ ሁሉ ለማን ነው ብትለው ለእኛ ነው አላት። ከወራት በኋላ መጋረጃውን የከፈተችበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ጣታቸው በስኳር እስኪጣበቅ በሉ። ታች መንገዱ ላይ መኪኖች ሲነሡ ሰምታለች።

«ዶናቱስ?»

«እሱ» አለ ዘይኑዲን፣ «ለለቅሶው የገዛነው ነው።»

ከሱቆቹ በአንዱ ጥሩምባና ቫዮሊን ተጀመረ። ዘይኑዲን እንደሚያረዳ ሰው ክንዱን ዘርግቶ፣ ስትወድቅ ሊይዛት ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። አልወደቀችም። አልጮኸችም። ከዓመት በላይ እናቷን ሆኖ ሲያናግራት የኖረው ድምፅ ረቡዕ ዕለት ዝም ማለቱን፣ አሁን የሁለቱንም ድምፅ አንድ ላይ እንደምታጣው ቀስ እያለ ይገባት ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ስትጠይቀው ለነበረው ጥያቄም መልስ አያስፈልገውም ነበር። እናቷ ዘንድ የሚላክ ሰው የለም።

እጇን ዘርግታ ፎቶግራፉን አነሣችው። ከአንድ ፎቶግራፍ ይወፍራል። ታጥፎ ኖሯል። ዘረጋችው።

ደሴ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፤ ከበስተጀርባ በቀለም የተሳለ ሐይቅ። በግራ እናታቸው ተቀምጣለች። በመካከል ወንዳፍራሽ ቆሟል፤ የተዋሰው ኮት እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖታል፤ አንድ እጁ የእናቱ ትከሻ ላይ ነው። በቀኝ ዳር እሷ ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ አንዱ ካልሲዋ ወርዶ። እጥፉ ያለው በእናትየውና በወንድ ልጇ መካከል ነው፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ነጥቶ ሊቀደድ ደርሷል። እሱና እሷ ከእናታቸው ጀርባ ተደርበው፣ ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር የቆሙት።

ዶኛ ኦርቴንሲያ ቀረብ ብላ ጣቷን ትንሿ ልጅ ፊት ላይ አሳረፈች። ራሷን ነቀነቀች። በገዛ ቋንቋዋ አንድ ቃል ተናገረች።

«ሕያው ሰው እዚህ አይቀመጥም ነው የምትለው» አለ ዘይኑዲን። «ያን ጊዜም ያሳጠፈችው እሷ ናት።»

ሠናይት ፎቶግራፉን መደቡ ጫፍ ላይ አጋድማ፣ አሮጌውን እጥፍ በመዳፏ ዳምጣ አቃናችው። ከዚያ በወንድሟና በራሷ መካከል ያለውን ክፍተት ፈለገች። ጠባብ ነበር፤ ክንዳቸው ይነካካል። በአውራ ጣቷ ጥፍር ከላይ እስከ ታች አሰመረችበት፤ አጠፈችው፤ ጠርዙን እስኪሳል ድረስ ደጋግማ ተጫነችው። አንሥታም በሁለቱ ሻማዎች መካከል አቆመችው።

እናትና ልጅ ወደ ብርሃኑ ዞሩ። ትንሿ ልጅ ከኋላ ቀረች።